ሞዴል ሮኬት

ሞዴል ሮኬት ከካርቶን፣ ከቀላል እንጨትና ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ በፋብሪካ በተዘጋጀ ትንሽ ሞተር ወደ ሰማይ የሚወነጨፍና በፓራሹት ወደ ምድር የሚመለስ አነስተኛ ሮኬት ነው። ርችት አንዴ ተተኩሶ ያልቃል፤ ሞዴል ሮኬት ግን ሞተሩ እየተቀየረ ደጋግሞ ይበርራል። ሥራው መዝናኛም፣ ስፖርትም፣ የፊዚክስ መማሪያም ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች የብረት ቱቦ በኬሚካል እየሞሉ በቤታቸው ሮኬት ለመሥራት ይሞክሩ ነበር። ቱቦው ሲፈነዳ ስብርባሪው እንደ ጥይት ስለሚበተን ጣታቸውን ወይም ዓይናቸውን ያጡ፣ የሞቱም ነበሩ። በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው የዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ጂ. ሃሪ ስታይን ስለዚህ አደጋ በ1957 በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈ።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ ኦርቪል ካርላይል ነበር። ካርላይል በኔብራስካ ግዛት በኖርፎክ ከተማ የጫማ መደብር የነበረው የርችት አፍቃሪ ሲሆን፣ የሞዴል አውሮፕላን አፍቃሪ ከነበረው ወንድሙ ከሮበርት ጋር በ1954 በፓራሹት የሚመለስ የካርቶን ሮኬት ሠርቶ ነበር። ናሙናዎቹን ለስታይን ላከለት። ስታይንም መፍትሔው ይህ መሆኑን ስለተረዳ በዚያው በ1957 በዴንቨር ከተማ ሮኬቶቹን የሚሸጥ ኩባንያ አቋቋመ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበርም በዚያው ዓመት በእርሱ አነሳሽነት ተመሠረተ። ሶቭየት ኅብረት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ የወጣቶቹ ፍላጎት ይበልጥ ጨመረ። ይህን ፍላጎት ለማሟላት ቨርን ኤስቲስ የተባለ የዴንቨር ሰው በጥቂት ሰከንዶች አንድ ሞተር የሚያመርት ማሽን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ የሮኬቱን አካል ራሱ ይሠራል፤ ሞተሩን ግን ከፋብሪካ ይገዛል።

ክፍሎች

የሮኬቱ ዋና አካል የካርቶን ቱቦ ነው። ከላይ ሾጣጣ አፍንጫ፣ ከታች ከባልሳ እንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ሦስት ወይም አራት ክንፎች ይኖሩታል። በቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ፓራሹት፣ ፓራሹቱን ከሞተሩ ትኩስ ጋዝ የሚከላከል እሳት የማይዘው ወረቀት፣ እንዲሁም አፍንጫውን ከቱቦው ጋር የሚያያይዝ ላስቲክ ይገኛል። በቱቦው ጎን የተለጠፈች ትንሽ ቀሰም በማስወንጨፊያው ዘንግ ላይ ትሰካለች። ዘንጉ ሮኬቱ በቂ ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ ቀጥ አድርጎ ይመራዋል።

ሞተርና በረራ

የተለመደው ሞተር ባሩድ የታመቀበት የካርቶን ቱቦ ነው። በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ ባሩዱን ሲያቀጣጥለው ጋዙ ከሸክላ በተሠራ ጠባብ ቀዳዳ ወደ ታች ይወጣል፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሮኬቱ ወደ ላይ ይገፋል። ባሩዱ ሲያልቅ ቀስ ብሎ የሚነድና ጭስ የሚያወጣ ማዘግያ ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ሮኬቱ ባገኘው ፍጥነት ብቻ ሽቅብ ይጓዛል። በመጨረሻ ትንሽ ባሩድ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ነዶ አፍንጫውን ያስወጣል፤ ፓራሹቱም ይዘረጋል።

ሞተሮች በፊደልና በቁጥር ይለያሉ። ፊደሉ ጠቅላላውን የግፊት መጠን ያሳያል፤ ከአንዱ ፊደል ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ የመጠኑ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ የኤ ሞተር እስከ 2.5፣ የቢ እስከ 5፣ የሲ ደግሞ እስከ 10 ኒውተን-ሰከንድ ይሰጣል። «ሲ6-5» በሚለው መለያ 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን፣ 5 ደግሞ የማዘግያው ርዝመት በሰከንድ ነው።

ሚዛን

ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲበር የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ ቢያንስ በቱቦው ስፋት ያህል ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ያለዚያ በአየር ላይ ይገለባበጣል። ይህን ለመፈተን ሞተርና ፓራሹት የተገጠመለት ሮኬት በሚዛኑ ነጥብ ላይ በገመድ ታስሮ በራስ ዙሪያ ይሽከረከራል። አፍንጫው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከቀደመ ሚዛኑ ጥሩ ነው። ካልቀደመ አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨመራል ወይም ክንፎቹ እንዲሰፉ ይደረጋል።

ከፍታን መለካት

ከማስወንጨፊያው በታወቀ ርቀት የቆመ ሰው ሮኬቱ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ከአድማስ በላይ ያለውን አንግል ይለካል። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ከፍታው ርቀቱ በአንግሉ ታንጀንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ርቀቱ 100 ሜትር፣ አንግሉ 60 ዲግሪ ቢሆን ከፍታው 173 ሜትር ያህል ይሆናል።

የደኅንነት ደንብ

የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ደንብ ከሚያዝዛቸው መካከል፦

• በፋብሪካ የተሠራ ሞተር ብቻ መጠቀምና ሞተሩን አለመነካካት፤
• አፍንጫውን፣ ቱቦውንና ክንፎቹን ከብረት አለመሥራት፤
• በክብሪት ሳይሆን በኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ማስወንጨፍ፤
• እስከ ዲ ባሉት ሞተሮች ቢያንስ 4.5 ሜትር፣ በትላልቆቹ 9 ሜትር መራቅ፤
• ሮኬቱ ሳይነሣ ቢቀር የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ነቅሎ 60 ሰከንድ ሳይሞላ አለመቅረብ፤
• በኤሌክትሪክ መስመር ላይ የወደቀ ሮኬትን ለማውረድ አለመሞከር።

ውድድር

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1972 በዩጎዝላቪያ በቭርሻትስ ከተማ ተካሄደ። ተወዳዳሪዎች ከፍታን፣ በፓራሹት አየር ላይ የመቆያ ጊዜንና የእውነተኛ ሮኬቶች አምሳያ አሠራርን በመሳሰሉ ዘርፎች ይፎካከራሉ። በአሜሪካ በሚካሄድ የተማሪዎች ውድድር ደግሞ ሮኬቱ ጥሬ እንቁላል ጭኖ በተወሰነ ከፍታና ጊዜ በርሮ እንቁላሉን ሳይሰብር መመለስ ይጠበቅበታል።