የቤት ግዢ ግብር በፔታህ ቲክቫ

በእስራኤል የግዢ ግብርን የሚከፍለው ቤት ገዢው ነው። በፔታህ ቲክቫ 2 ሚሊዮን ሼቅል የሚያወጣ አፓርታማ ለብቸኛ መኖሪያው የሚገዛ ሰው ከሞላ ጎደል ምንም አይከፍልም፤ ሁለተኛ ቤት የሚጨምር ባለሀብት ግን 8 በመቶ፣ ማለትም 160,000 ሼቅል ይከፍላል። ባለሀብቱ ይህን አስልቶ ዋጋ ስለሚያቀርብ ከሸክሙ ከፊሉ ሻጩ ላይ ያርፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. መጣኔው ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ባለሀብቶች ወደ ገበያው ተመለሱ፤ በ2021 መጨረሻ እንደገና 8 በመቶ ሆነ።

በግብሩ ምክንያት ባለሀብት ሲሸሽ የሚከራይ ቤት ያንሳል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቤቱን ተከራይ የነበረ ቤተሰብ ከገዛው የተከራዮችም ቁጥር አብሮ ይቀንሳል። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በ2015 ግብሩ ከተጨመረ በኋላም ዋጋው ንሯል። ይህ የሆነው ርካሽ ብድርና የግንባታ እጥረት ከግብሩ ስለበረቱ ነው። ያም ሆኖ፣ የመጀመሪያ ቤቱን የሚፈልግ ቤተሰብ ከባለሀብት ጋር ሲጫረት የ160,000 ሼቅሉ ልዩነት ትልቅ አቅም ይሰጠዋል።