አስተማሪውን ማን አስተማረው? የመምህራኖቻችን ሥልጠና ታሪክ ከጎንደር እስከ እስራኤል



በቅርቡ ወደ አገር የገባችሁ ቤተሰቦች ልጆቻችሁን ከሚያስተምሩት መምህራን ጋር ስትገናኙ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም። ልጁ ሞራውን በስሟ ይጠራታል፤ ስትጠይቀው ተቀምጦ ይመልስላታል፤ አንዳንዴም ይከራከራታል። እኛ ባደግንበት አገር መምህር ወደ ክፍል ሲገባ ልጅ ብድግ ይል ነበር። ስለዚህ በየቤቱ «ይህች ሴት ልጃችንን እያስተማረችው ነው ወይስ እያባለገችው?» የሚል ንግግር ይነሣል። ነገሩ ግን የአንዲት ሞራ ጠባይ አይደለም፤ እሷም በኮሌጅ እንዲህ አድርጊ ተብላ የሠለጠነች ናት። ማንኛውም መምህር ከኋላው ያሠለጠነው አለ። የእኛን መምህራንስ ማን አሠለጠናቸው? ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በቁርጥራጭ እንጂ በሙሉ ሰምተነው አናውቅም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርገነዋል።

በድሮው ጊዜ አስተማሪዎቻችን መነኮሳትና ቄሶች ነበሩ። ቄስ ለመሆን የሚፈልግ ልጅ ከመነኩሴው ወይም ከቄሱ ዘንድ ይቀመጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያም ኦሪቱን በግዕዝ ይማራል። የምስክር ወረቀት የለም፤ መምህሩ «በቅቷል» ሲል በቅቷል። የሆኋራ መነኮሳት በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ሆኖም ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ረሃብ፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት፣ ሕዝቡን ሲፈጅ ይህን የትምህርት ሰንሰለትም ሰባበረው። ብዙ መነኮሳት አለቁ፤ ካህን የሚያወጣ ቦታ ጥቂት ሆነ።

በሌላ በኩል ሚሲዮኖቹ ነበሩ። ከ1860 ጀምሮ በአፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ የለንደን የፕሮቴስታንት ማኅበር ሰዎች በመንደሮቻችን ሲዘዋወሩ መጽሐፍና ትምህርት ቤት ይዘው መጡ። ብልሃታቸው ምን ነበር ብትሉ፣ ከእኛው መካከል የተቀበሏቸውን ወጣቶች አስተማሪ አድርገው አሠለጠኑ። በአማርኛ ማንበብ የሚፈልግ ልጅ የት ይሂድ? ማንበብ የሚያስተምረው ሚሲዮኑ ነበርና ወደዚያው ይሄዳል። ሽማግሌዎቻችን በዚህ አዝነው ቢከለክሉም የሚተካ ነገር በእጃቸው አልነበረም።

ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ይህን ነው ያየው። በፖላንድ ሎድዝ ከተማ የተወለደ፣ በፓሪስ የዮሴፍ ሃሌቪ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ሃሌቪም ራሱ በ1867 እና 1868 ወገኖቻችንን ጎብኝቶ ነበር። የፋይትሎቪች አሳብ አጭር ነው፤ ሚሲዮንን የሚመልሰው ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤት የሚቆመው ደግሞ በሠለጠነ መምህር ነው፣ መምህሩም ከሕዝቡ መውጣት አለበት። በ1905 ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ፤ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን።

ስለ ታምራት ትንሽ መቆየት ይገባናል። በ1888 ተወለደ። ቤተሰቡ በሚሲዮን ተሰብኮ ስለነበር ፋይትሎቪች ያገኘው በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር ነው። ይህ የሚያስገርም ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የአይሁድ መምህራችን የተገኘው ከሚሲዮን ወንበር ላይ ነው። ፋይትሎቪች ወደ ፓሪስ ወስዶ የአሊያንስ ማኅበር መምህራንን በሚያሠለጥንበት በኦቶይ ትምህርት ቤት አስገባው። በኋላም ወደ ኢጣሊያ ሄዶ በፊሬንዜ የራቢዎች ኮሌጅ ተማረ። አገሩ የተመለሰው ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ያ ልጅ አባቱ ቤት ሆኖ ቢቆይ አግብቶ ልጆች የሚያሳድግበት ጊዜ ነበር።

የአውሮፓ አይሁድ ሁሉ ፋይትሎቪችን የደገፉት እንዳይመስላችሁ። አሊያንስ በ1908 ራቢ ሃይም ናሁምን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ እሳቸውም የሕዝቡ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ትምህርት ቤት መክፈትም አይበጅም የሚል ዘገባ አቀረቡ። ፋይትሎቪች ተከራከረ፤ በየአገሩ ኮሚቴ እያቋቋመ ገንዘብ ለመነ። በዚህ ገንዘብ በ1923 እና 1924 አካባቢ በአዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዲሬክተሩም ታምራት አማኑኤል ሆነ።

ለምን አዲስ አበባ? ጎንደር፣ ወለቃ፣ ደምቢያ፣ ሰሜን ያለው ሕዝብ በዚያን ዘመን ወደ ሸዋ ለመድረስ በእግርና በበቅሎ ሳምንታት ይጓዝ ነበር። መልሱ ከመንግሥት አጠገብ መሆን፣ ከባለሥልጣን ጥበቃ ማግኘት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ለዚህ ምርጫ ብዙ ተከፍሏል። ልጁ ከእናቱ ከራቀ በኋላ ወደ መንደሩ የሚመለስበት መንገድ እየጠበበ ሄደ። ፋይትሎቪች በጠቅላላው ወደ 25 የሚሆኑ ወጣቶችን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌላም አገር ልኳል። ከነዚህ መካከል በብርድና በሕመም በወጣትነታቸው የሞቱ አሉ። ከተመለሱትም ቋንቋ አዋቂ ስለነበሩ ብዙዎቹን መንግሥት ወሰዳቸው። በመንደር ጎጆ ውስጥ አስተማሪ የሆነው ጥቂት ነው። የመጡትም ቢሆኑ አዲስ የበዓል አቆጣጠርና አዲስ ጸሎት ይዘው ስለመጡ ከቄሶቹ ጋር መግባባት ቀላል አልሆነላቸውም። ሽማግሌው የአባቱን ሥርዓት ከሃያ ዓመት ልጅ እንዴት ይማር?

ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርቱ ጸንቶ የቀረው ዮና ቦጋለ ነው። ከጎንደር አጠገብ ወለቃ ተወለደ፤ በ1921 ገና ልጅ ሳለ ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፣ ከዚያ በፍራንክፈርት፣ በስዊዘርላንድና በፓሪስ ተምሮ ተመልሶ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማረ። ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ታምራትም ተሰደደ። ከነፃነት በኋላ ታምራት በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠርቶ በመጨረሻ በ1963 በኢየሩሳሌም አረፈ። ዮና ቦጋለ በትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ይዞ ነበር፤ በ1953 ደመወዙንም ሹመቱንም ትቶ ወደ ወገኑ ትምህርት ተመለሰ። ልጆች ላሉት ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

አሁን ወደ አሥመራ እንምጣ። በ1954 መጀመሪያ ሶኽኑት መምህራንን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በአሥመራ ከፈተ፤ ለዚሁም ራቢ ሽሙኤል በዓሪን ከእስራኤል ላከ። ከየመንደሩ የተመረጡ ወጣቶች ዕብራይስጥ፣ ኦሪትና ጸሎት ተማሩ፤ ሲጨርሱም ወደየመንደራቸው ሄደው እንዲያስተምሩ ነው። ከዚህም ጋር በ1955 አሥራ ሁለት ልጆች፣ በ1956 ደግሞ አሥራ አምስት ልጆች፣ በድምሩ 27 ወጣቶች ወደ እስራኤል ተልከው በራዓናና አጠገብ በሚገኘው በክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ገቡ። እነዚህ ልጆች ለመኖር የመጡ ዓሊም አልነበሩም፤ ተምረው ተመልሰው እንዲያስተምሩ የተላኩ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ያለ ልጆቻቸው መቆየት እንዳለባቸው ተነግሯቸው ፈቀዱ። ደብዳቤ ለመድረስ ወራት በሚፈጅበት ዘመን እንዲህ ብሎ ልጅን መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከጎንደር የመጣችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ።

ልጆቹ ተማሩ፣ አደጉ፣ አብዛኞቹም ተመለሱ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የሶኽኑት ገንዘብ ተቀነሰ። የአሥመራው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ ጎንደር አውራጃ፣ ወደ ወዛባ ተዛወረ፤ እስከ 1958 ድረስ በየመንደሩ ተከፍተው ከነበሩት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ተዘጉ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያስቆጨው። ለመምህሩ ሥልጠና ብዙ ተለፍቶ መምህሩ በሠለጠነ ጊዜ የሚያስተምርበት ጎጆና የሚቀበለው ደመወዝ ጠፋ። ከክፋር ባትያ የተመለሱት ብዙዎቹ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ በሌላ ሥራ ገቡ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? የቀሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ የአምቦበሩ፣ በዮና ቦጋለ ልፋትና ከእንግሊዝ አገርና ከሌላ በሚመጣ ትንሽ እርዳታ ቆዩ። ዕብራይስጥ በአምቦበር የተማረ ሰው በመካከላችን ዛሬም አለ፤ ጠይቁት፣ ስለ መምህሮቹ ብዙ ያጫውታችኋል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኦርት የተባለው ድርጅት ገብቶ ትምህርት ቤቶችን ሠራ፣ ለመምህራንም ደመወዝ ከፈለ። በ1981 የደርግ መንግሥት አስወጣው። ከዚያ በኋላ በጎንደር ዕብራይስጥ ማስተማር የሚያሳስር ሥራ ሆነ፤ የታሰሩና የተገረፉ መምህራን አሉ። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ የመንግሥት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የተማሩ ብዙ ወጣቶች ነበሩን፤ እነሱ ያስተማሩት ሒሳብና አማርኛ እንጂ ኦሪት አይደለም፤ ቢሆንም ጥሩ መምህራን ነበሩ። በ1990 ወገኖቻችን አዲስ አበባ ተሰብስበው ሲጠባበቁ ለሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ከእነዚህ መምህራን ሥራ ያገኙ ነበሩ። በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲመጣ መምህሩም ተማሪውም በአንድ አውሮፕላን መጡ።

እዚህ ሲደርሱ ግን ልጁ ወደ ክፍል ገባ፣ መምህሩ ወደ ኡልፓን ገባ። ዐሥር ዓመት ያስተማረ ሰው የምስክር ወረቀቱን አውጥቶ ሲያሳይ ዕብራይስጡ አልበቃም ተባለ። እውነት ነው፣ አልበቃም። ማሟያ ኮርስ ተምረው ወደ ክፍል የተመለሱ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ልጆች ማሳደግ ነበረባቸውና ወደ ፋብሪካና ወደ ጥበቃ ሥራ ሄዱ። በዚያን ዘመን ወጣቶቻችን በብዛት በዓሊያት ሃኖዓር አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ እነሱን የሚያስተምረው ሰው ስለ አገራቸው የሚያውቀው በጥቂት ቀን ሴሚናር የሰማውን ነው። «ልጁ ዓይኔን አያየኝም፣ የሚደብቀው ነገር አለ» የሚል መምህር ነበር። ልጁ ግን እናቱ እንዳስተማረችው ታላቁን እያከበረ ነበር።

መጋሽር የሚባለው ሥራ የመጣው ከዚህ ነው። መጋሽር ማለት በትምህርት ቤቱና በቤተሰቡ መካከል ድልድይ የሚሆን ሰው ነው፤ አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራል፣ ከወላጅ ጋር ይቀመጣል፣ ለመምህሩም ያስረዳል። በ1997 በወገኖቻችን የተመሠረተው ፊደል ማኅበር መጋሽሮችን አሠልጥኖ በየትምህርት ቤቱ በማሰማራት ታውቋል። በሥራቸው ስንት ልጅ ከልዩ ትምህርት ክፍል እንደዳነ የሚያውቁት ወላጆቹ ናቸው። ሆኖም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መጋሽር የመምህር ምትክ አይደለም። ደመወዙ በበጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በጀት ሲቀር እንደ 1958ቱ ዓይነት ነገር ይመጣል። ቋሚ ቦታ ያለው የማስተማር ፈቃድ ያለው መምህር ነው። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዲሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ዘረኝነትን የሚመረምር ኮሚቴ ባቀረበው ዘገባም ትምህርት ቤት ትልቅ ቦታ ተሰጥቶታል።

ዛሬ በእስራኤል መምህር ከተመረቀ በኋላም መማሩን አያቆምም። ይህን ሂሽታልሙት ይሉታል። በ2008 ኦፌቅ ሐዳሽ የተባለው ስምምነት ከመጣ ወዲህ መምህራን በዓመት እስከ 60 ሰዓት ሂሽታልሙት ይወስዳሉ፤ የማዕረጋቸውና የደመወዛቸው ዕድገትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙው ትምህርት የሚሰጠው ፒስጋ በሚባሉት የመምህራን ማዕከሎች ነው። የትምህርቱ ርዕስ ብዙ ዓይነት ነው፤ መምህራንና ርዕሰ መምህራን ይመርጣሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «እዚህ የሚያስተምሩት ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ሂሽታልሙት ወስደዋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር አይደለም፤ ርዕሰ መምህሩ መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ መጋሽሩ ወይም የኢሪያው የዓሊያ ክፍል ሰው ይጠይቅላችኋል።

መምህር መሆን የምትፈልግ ልጅ ላለቻችሁም፦ መንገዱ በሚክላላ ለሂኑክ የሚወሰድ የቤ ኤድ ዲግሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያ ውስጥ በክፍል ውስጥ የሚሠራበት ስታዥ የሚባል ዓመት አለ። የትምህርት ክፍያውን በተመለከተ ሚንሀል ሃስቱደንቲም አዳዲስ ዓሊምን ይረዳል፤ እርዳታው በዕድሜና ወደ አገር በገቡበት ዓመት የሚወሰን ስለሆነ፣ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ተዑዳት ዓሌውን ይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል።