መኪናን በቤት ለማጠብ የሚሆን የውሃ ማለስለሻ እንዴት ይመረጣል?

በድሬዳዋ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን የተመለከተ ሰው ነጭ ቅርፊት ተለጥፎበት ያገኛል። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ውሃው የኖራ ድንጋይን እያቋረጠ ሲመጣ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይይዛል። መቀሌም በኖራ ድንጋይ ላይ የተመሠረተች በመሆኗ ይህንኑ ታውቀዋለች። ያው ቅርፊት በቤት በታጠበ መኪና መስታወትና ቀለም ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ደጋግሞ ሲደርቅ እየተደራረበ ይሄዳል፤ በኃይል ሲፈገፈግ ደግሞ ቀለሙን ይጭራል። ኑሮው በባጃጅ ወይም በታክሲ ለተመሠረተ ቤተሰብ ይህ የንብረት ጉዳት ነው።

የውሃ ማለስለሻ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች የሞሉበት በርሜል ነው። ውሃው በፍሬዎቹ መካከል ሲያልፍ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ እዚያው ይያዛሉ፤ በምትካቸው ሶዲየም ይለቀቃል። ሬዚኑ ሲጠግብ በጨው ውሃ ታጥቦ እንደገና ያገለግላል። የለሰለሰ ውሃም ቢሆን ሲደርቅ ጥቂት ምልክት መተው አይቀርለትም፤ ነገር ግን ምልክቱ በእርጥብ ጨርቅ በቀላሉ ይለቃል።

ከመግዛት በፊት ውሃን መመርመር ይቀድማል። ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ወስዶ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የዝናብ ውሃ መሙላት፤ በሁለቱም እኩል የተፋቀ የገላ ሳሙና ጨምሮ መናጥ ነው። የዱቄት ሳሙና በማንኛውም ውሃ ስለሚያረፋ ለዚህ ሙከራ አይሆንም። የቧንቧው ውሃ አረፋ ነስቶ ከደፈረሰ ካልሲየም በዝቶበታል። በቤተ ሙከራ ሲለካ በሊትር እስከ 60 ሚሊ ግራም የሆነው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ የሆነው እጅግ ጠንካራ ይባላል። ሻጮች አንዳንድ ጊዜ መጠኑን በግሬን ይናገራሉ፤ በጋሎን 1 ግሬን ማለት በሊትር 17 ሚሊ ግራም ገደማ ነው።

ዋጋን የሚወስነው የሬዚኑ ብዛት ስለሆነ እዚህ ላይ ማስላት ይጠቅማል። 1 ሊትር ሬዚን በአንድ ዙር 50 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 10 ሊትር ሬዚን ያለው ትንሽ ማለስለሻ 500 ግራም ይይዛል ማለት ነው። ውሃው በሊትር 300 ሚሊ ግራም ቢኖረው፣ ከአንድ የጨው እጥበት እስከ ሌላው 1 ሺህ 600 ሊትር ያህል ያለሰልሳል። በባልዲ 100 ሊትር የሚፈጅ እጥበት ከሆነ 16 ጊዜ ያህል ይበቃል። ጭቃውን በተራ ውሃ አውርዶ የመጨረሻውን 30 ሊትር ማለቅለቂያ ብቻ በለሰለሰ ውሃ የሚያደርግ ሰው ግን ከ50 ጊዜ በላይ ይጠቀምበታል። ለቤቱ ሁሉ የሚሆን ትልቅ መሣሪያ ለመኪና ብቻ ብሎ መግዛት፣ በእኔ ግምት፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

በራሱ የሚሠራው ዓይነት መብራትና የማይዋዥቅ ግፊት ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰውና ከሮቶ የሚቀዳ ቤት ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ በእጅ የሚታጠበው ተንቀሳቃሽ ዓይነት ይሻለዋል። ለ10 ሊትር ሬዚን 1 ኪሎ ተኩል ጨው በ15 ሊትር ውሃ አሟሙቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ ማሳለፍ፣ ከዚያም የጨው ጣዕሙ እስኪጠፋ ማጠብ ነው። አፈር የተቀላቀለበት ጨው ሬዚኑን ይደፍነዋል። ብረት የበዛበት የጉድጓድ ውሃም ፍሬዎቹን ስለሚሸፍናቸው አስቀድሞ መጣራት አለበት። በቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ግን ከውሃው ካልሲየም አያወጣም፤ ለመኪና እጥበት ብሎ መግዛቱ አይመከርም።

የግብርና ተማሪ ስለነበርሁ ዝም ልለው የማልችለው ነገር አለ፤ ሬዚኑ የታጠበበት የጨው ውሃ ወደ ጓሮ አትክልት ወይም ወደ ፍራፍሬ ሥር እንዳይፈስ። ሶዲየም የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ውሃም አያስገባም። በለሰለሰው ውሃም ዘወትር ማጠጣት አይገባም።

ማለስለሻ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ዓይኑን ወደ ቆርቆሮ ጣሪያው ያቅና። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲጥል 200 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ከሚባክነው በቀር ማለት ነው። የዝናብ ውሃ በተፈጥሮው ለስላሳ ነው። አቧራ የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ፍሳሽ ደፍቶ፣ ቀሪውን በአሸንዳ ወደ ሮቶ ማስገባትና መክደን ነው። ኬሚካል የሚረጭ ገበሬም ይህ ውሃ ይጠቅመዋል፤ ግላይፎሴትን የመሰለ ፀረ አረም ካልሲየም በበዛበት ውሃ ሲበጠበጥ ኃይሉ ይቀንሳልና።

ዝናብ በማይኖርበት ወቅት መኪናውን ጥላ ሥር አጥቦ፣ ውሃው ሳይደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይገባል። ነጠብጣቡ የሚፈጠረው ውሃው ሲተን ነውና። አስቀድሞ የተለጠፈውን በእኩል ውሃ የቀጠነ አቼቶ በጨርቅ አስነክቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ያስለቅቀዋል፤ መጀመሪያ ግን በማይታይ ጥግ ላይ ይሞከር።