ሰይጣን የሌለበት የሰይጣን ቤት

ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ለማሳያው ቤት ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። ጨለማ ክፍል፣ ነጭ ሸራ፣ ሸራው ላይ ደግሞ ሥጋም ደምም የሌለው ሰው ይራመዳል። ዛሬ ስሙን ስንሰማ እንስቃለን። ስሙን ያወጡት ሰዎች ግን አንድ ነገር በደንብ ገብቷቸው ነበር፤ ሰውን ለማስፈራት አንድ የተዘጋ ክፍል ይበቃል።

ይህንን የዓለም ፊልም ሠሪዎችም ደርሰውበታል። አሜሪካዊው ኦረን ፔሊ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን የቀረጸው በገዛ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ፣ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ፊልሙ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከእሱ በፊት ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ጥቂት ሰዎችን አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ዘግቶ፣ ሙታን ደጃፉን ከበው ሲያስጨንቋቸው አሳየ። የዚህ ፊልም መጨረሻ ልብ ይሏል። ሌሊቱን ሙሉ ከሙታኑ ጋር ታግሎ ብቻውን የተረፈው ጥቁር ሰው ንጋት ላይ በጥይት ይገደላል። የገደሉት ሙታኑ አልነበሩም፤ ሙታኑን ለማጥፋት የወጡት ነጭ ታጣቂዎች ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይማር የነበረ አንድ የጎንደር ልጅ ሙታኑን ከነጭራሹ አስወጣቸው። ኃይሌ ገሪማ የጥቁሮች መብት ታጋይ የሆነችው አንጄላ ዴቪስ እጇን በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ያያታል። ያየው ነገር በሕልሙም ይመጣበታል። ከዚያ ሕልም እ.ኤ.አ. በ1972 «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» የተባለው የ36 ደቂቃ ፊልም ተወለደ። የተማሪ ሥራ ነው፤ ገንዘብ የለውም። ያለው አንዲት ሴት፣ አንድ የእስር ክፍልና የሴቲቱ አእምሮ ነው። አካሏ ከክፍሉ መውጣት አይችልም፤ ሐሳቧ ግን ይወጣል፣ ይቃዣል፣ ይመለሳል። ማንም ይህን ፊልም ከአስፈሪ ፊልሞች ተራ አልመደበውም። ሆኖም ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ያው የተዘጋው በር ነው፤ ልዩነቱ በሩን የዘጋው መንፈስ ሳይሆን ቁልፍ የያዘ መንግሥት መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው በር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሄዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ በፍቅር ታሪክነቱ ይወደሳል። እስቲ አንዴ ፍቅሩን ወደ ጎን አድርጎ ቤቶቹን ብቻ ማየት ነው። ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ አለ። ሰብለ ወንጌል እዚያ ተቀምጣለች። ጠያቂ ይመጣል፣ «ዘሩ አይመጥንም» ተብሎ ይመለሳል። ዓመት በዓመት ይተካል። ያሰራት ሰንሰለት የለም፤ አባቷ ይወዷታል፤ ዕድሜዋ ግን ያልፋል።

የማንኩሳው የገበሬ ልጅ በዛብህ ደግሞ ሰፊ አገር እየዞረ የሚኖር እስረኛ ነው። ወላጆቹ በሕይወት ቢተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተስለዋል። እሱ ባልተሳለው ስእለት ወጣትነቱ ታሰረ። ሴት በወደደ ቁጥር የሚፈራው የገዛ ሐሳቡን ነው። ሥነ ልቦናዊ አስፈሪ ፊልም የሚባለው ከዚህ የተለየ ምን አለው? ጅብ የለም፣ ጭራቅ የለም፣ ሟርት የለም። የሰው ልጅን የቀበረው የዘር ኩራትና የወላጅ ቃል ኪዳን ነው። ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ አይቶ በግልጽ የተናገረ አንድ ካሣ ዳምጤ ነበር፤ አገሩ ግን «ጉዱ ካሣ» ብሎ ከዕብድ ቆጠረው።

ኃይሌ ገሪማም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሊቀርጽ እ.ኤ.አ. በ1974 አገሩ ሲመለስ፣ ስለ ባለ መሬቱ ግፍ እውነቱን የሚናገረውን ሰው ያደረገው ሰው ሁሉ ዕብድ የሚለውን ከበበን ነው። ፊልሙ በሁለት ሳምንት ተቀርጾ አለቀ። ሁለት ደራሲዎች በተለያየ ዘመንና ጥበብ እውነቱን በ«ዕብድ» አፍ ማስነገራቸው እንዲያው የሆነ አይመስልም። በተዘጋ ቤት ውስጥ «በሩ ተዘግቷል» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ስም ይኸው ነው።

ዛሬ የአማርኛ ፊልም ገበያ የፍቅርና የኮሜዲ ነው። አስፈሪ ፊልም ለምን አይሠራም ሲባል «ገንዘብ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። የፔሊ ቤት፣ የኃይሌ የእስር ክፍል፣ ሁለቱም ይህን መልስ ውድቅ ያደርጉታል። ካሜራው በየኪሱ አለ፤ የተዘጋ ቤትም በየመንደሩ አለ። ከባዱ ነገር በሩን ማን እንደዘጋው ስሙን ጠርቶ ማሳየት ነው። አባት ሊሆን ይችላል፣ ባህል ሊሆን ይችላል፣ መንግሥት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ከአንዱም ጋር መጣላት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ከመቶ ዓመት በኋላም ጥፋቱን ሁሉ በሰይጣን ማላከክ የሚቀለን ለዚህ ነው።