ስለ ኔቡላ ሥዕሎች ቀለምና ስለ ምዕራብ ወሎ ሰማይ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ፣ በክረምት ጉም የማይታይበት ቀን ጥቂት ነው። «ኔቡላ» የሚለው የላቲን ቃልም ትርጉሙ ጉም ማለት ነውና፣ በከዋክብት መካከል ስላለው ጉም የምናቀርበው ይህ አጭር ጥናት ለደገኛ እንግዳ እንደማይሆንበት ተስፋ እናደርጋለን። ጥያቄያችን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ በወርቅማና በሰማያዊ ቀለም ያሸበረቁት የኔቡላ ሥዕሎች የታመኑ ምስክሮች ናቸውን? ወይስ የሠዓሊ ፈጠራ? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1864 በፊት ብዙ ሊቃውንት ኔቡላ ሁሉ ከርቀት የተነሣ ተለይቶ ያልታየ የከዋክብት ክምችት ይመስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ዊልያም ሀጊንስ በድራኮ ኅብረ ከዋክብት ያለውን ኔቡላ ብርሃን በመስተዋት ቢበትነው፣ እንደ ቀስተ ደመና የተያያዘ ቀለም ሳይሆን ጥቂት ብሩህ መስመሮች ብቻ ታዩት። ስለዚህ ነገሩ የጋለ ጋዝ መሆኑ ታወቀ። ከመስመሮቹ ዋነኞቹ አረንጓዴዎች ግን ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር ስላልተስማሙ «ኔቡሊየም» የሚባል አዲስ ነገር አለ ተባለ። በ1927 አሜሪካዊው አይራ ቦወን ይህ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክሲጅን መሆኑን አስረዳ፤ ኔቡሊየምም ከመዝገብ ተሠረዘ።

የዛሬው ሥዕል አሠራር ከዚህ ታሪክ የተወለደ ነው። ቀለም በማይለይ ካሜራ ፊት፣ ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ በየተራ ይደረጋል፤ ለሃይድሮጅን 656.3፣ ለኦክሲጅን 500.7፣ ለድኝ (ሰልፈር) 672 ናኖሜትር ገደማ። በእያንዳንዱ ብዙ ፎቶግራፎች ይነሡና ይደመራሉ፤ 16 ቢደመሩ የብርሃኑ ምልክት ከሁካታው አንጻር አራት እጥፍ ይጠራል። ከካሜራው ሙቀት የሚመጣው እንከን ደግሞ ክዳኑ ተዘግቶ በተነሣ ፎቶግራፍ ይቀነሳል። በመጨረሻም ደብዛዛው ክፍል ከፍ ተደርጎ እንዲታይ ይደረጋል።

የሃይድሮጅንና የድኝ ብርሃን ሁለቱም ለዓይን ቀይ ናቸው፤ እንዳሉ ቢታተሙ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ በ1995 ጄፍ ሄስተርና ፖል ስካወን በሀብል ቴሌስኮፕ የንስር ኔቡላን ሲያነሡ ድኝን በቀይ፣ ሃይድሮጅንን በአረንጓዴ፣ ኦክሲጅንን በሰማያዊ ወከሉ። የእኛም ጸሐፍት በብራና ላይ ቅዱስ ስምን በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ አንባቢው ግን ስሙ ራሱ ቀይ ነው አይልም፤ ምልክት መሆኑን ያውቃል። እንግዲህ ጥፋቱ ቀለም መመደብ አይደለም። ጥፋቱ የአመዳደቡን ሕግ መደበቅ፣ ይልቁንም በሦስቱ ፎቶግራፎች ያልነበረውን ነገር በእጅ መጨመር ነው።

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተቋቋመ፤ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራው የእንጦጦ መመልከቻም ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ በ2015 ተከፈተ። ዳሩ ግን የክረምቱ ደመናና የአዲስ አበባ መብራት ይፈታተኑታል። ጠባብ ማጣሪያ የሶዲየምን ቢጫ መብራት (589 ናኖሜትር) ያግዳል፤ ነጩ ኤል ኢ ዲ ግን በቀለማት ሁሉ ስለሚሠራጭ ከፊሉ ሾልኮ ይገባል። የላሊበላ ተራሮች ለሌላ መመልከቻ የታሰቡትም የጨለማ ሰማይ ስለሚፈለግ ነው።

በእኛ አስተያየት የቦረናና የሳይንት ደጋም ሊታሰብ ይገባዋል። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለ ሆነች፣ የኦሪዮን ኔቡላ እስከ 74፣ የንስር ኔቡላም እስከ 65 ዲግሪ ከፍ ብለው ያልፋሉ። ኦሪዮን በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ላይ ይገኛል፤ ንስር ግን እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚለው በሰኔ መጨረሻ፣ ጉሙ ሰማዩን በሚዘጋበት ጊዜ ነውና፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ጎሕ ሳይቀድ መፈለግ ይሻላል።

መብራት ለተማሪ ቤትና ለሐኪም ቤት አያስፈልግም የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን የመንገድ መብራት ወደ ታች እንዲያበራ ቢከደን ሕዝቡ ብርሃኑን ያገኛል፤ ሰማዩም ጨለማውን አያጣም። ዛሬ በዚያ ደጋ ካሜራ የሚያቆም ተማሪ ማጣሪያውን፣ ሰዓቱንና የቀለሙን ሕግ ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ከኋላችን ለሚመጡት ስለ ኔቡላውም፣ ስለ ወሎ ሌሊትም ይመሰክራል።