የሰንጠረዥ ጨርቅና መጫወቻዎች

የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ የሆነው የሰንጠረዥ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ የለውም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፈሉ 64 ቤቶች ናቸው። ፈርዙ (በዛሬው ቼዝ የንግሥቷ አቻ) በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ዝሆኑ በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ ያርፋል።

ከሁሉ የሚደንቀው አጀማመሩ ነው፤ «ወረራ» ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ባላጋራ ሰልፉን ሲለውጥ አይቶ የራስን ማስተካከል ይፈቀዳልና ከእጅ ፍጥነት የዐይን ንቃት ይበልጣል። የመጀመሪያው መጫወቻ ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ነው። በዛሬው የቼዝ ውድድር በቃል የሚጠና የመክፈቻ ቅደም ተከተል እዚህ አይሠራም። ይህን ያህል ነጻ አከፋፈት ያለው የቼዝ ዓይነት ማግኘት ይከብዳል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷቸዋል። ማሸነፍም ደረጃ አለው፦ በእግረኛ የተገኘ ማት እጅግ ይከበራል።

በሱዳን አሸዋ ላይ የሚጫወቱት ሲጃ የተባለው የጠጠር ጨዋታ ግን አከፋፈቱ ሌላ ነው። ጠጠሮቹ በየተራ ሁለት ሁለት ይደረደራሉ፣ የመሐሉ ቤት ባዶ ይቀራል፤ ሁሉም ተደርድረው እስኪያልቁ መብላት የለም።