የአዲስ አበባ አርመኖች፤ የስደተኛ እንጀራና የእጅ ሥራ ክብር

ስደተኛ በተቀበለው አገር እንዴት ሥራ ያገኛል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በተቀባዩ ቸርነትና በመጤው ትጋት ብቻ ሲመለስ ይታያል። ነገር ግን በዚያ አገር የትኛው ሥራ እንደሚከበርና የትኛው እንደሚናቅ ሳይመረመር መልሱ የተሟላ ሊሆን አይችልም። የአዲስ አበባ አርመኖች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በ1887 እና በ1888 ዓ.ም.፤ ኋላም ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በኦቶማን መንግሥት ከደረሰባቸው ፍጅት አምልጠው ከተበተኑት አርመኖች ጥቂቶቹ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የሁለቱ አገሮች አብያተ ክርስቲያናት የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ በመሆናቸው የሃይማኖት ዝምድናው መቀራረቡን አቅልሎታል። እንጀራቸውን ያገኙት ግን በእጃቸው ጥበብ ነው። ወርቅ አንጥረኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሠሪዎች፣ ቆዳ አልፊዎች ሆኑ፤ ሙሴ ቤድሮስ ቦያጂያንም የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ።

ይህ በር ስለ ምን ክፍት ሆኖ ጠበቃቸው? በደጋው አገር የሰው ክብር የሚለካው በርስት፣ በጦር ሜዳ ጀግንነትና በክህነት ነበር፤ ቀጥቃጩና ፋቂው ግን ቡዳ እየተባለ ይሸሽ ነበር። ርስት ያልነበራቸው የጎንደር አውራጃ ቤተ እስራኤል በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ ሙያቸው መተዳደሪያም መነቀፊያም ሆነባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያመለክታል። እንግዲህ ከአባት የወረሰው ርስት የሌለው እንግዳ የገባው ባላገሩ ንቆ ወደ ተወው ስፍራ ነው፤ ከአገሩ የማዕርግ ሥርዓት ውጭ ስለ ሆነም ነቀፌታው እንደ አገሬው ባለ እጅ አልከበደበትም።

በሙዚቃም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው፣ ከፍጅቱ የተረፉ 40 እጓለ ማውታ አዲስ አበባ መጥተው በሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት ሙዚቀኞች ሆኑ። ናልባንዲያን የደረሱት ብሔራዊ የመዝሙር ዜማም በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ተሰማ። በዚያው ዘመን አገሬው አዝማሪ በየግብሩ ቢፈለግም ልጅ የሚድሩለት ሰው አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው ስደተኛው ያገኘው ክብር ከሙያው ይልቅ ከእንግድነቱና ከቤተ መንግሥቱ ድጋፍ የመነጨ መሆኑን ነው። ስለዚህ ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ሲወድቅ መሠረቱ ተናጋ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ብዙ አርመኖች እንደ አያቶቻቸው እንደ ገና ተሰደዱ። የስደተኛን የሥራ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የአገሬውን ባለ እጅ ታሪክ ከጎኑ ሊያኖር ይገባዋል፤ የአንዱ ዕድል የሌላው በደል ጥላ ሆኖ ይገኛልና።